የመዝገብ ቅጂ የሚቀዳው ለማን ነው?
ስለ ማይክሮፊልምና ስለ ተተኪዎቹ የቀረበ ሂስ

ስለ ቤተ መዛግብት በሚጻፉት ጽሑፎች ዘንድ አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሣል። ይኸውም አሮጌ ጽሑፍ በማይክሮፊልም ቢቀዳ ይሻላል ወይስ በዲጂታል ፎቶግራፍ፣ ወይስ ተመራማሪው ዋናውን ወረቀት ወይም ብራና ራሱን ቢያገላብጥ ይበጃል የሚል ነው። ከተከራካሪዎቹ የሚበዙት የመዛግብት ጠባቂዎች ስለሆኑ ነገሩ ሁልጊዜ ወደ ጥበቃው ያጋድላል። ፊልሙ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ስንት መደርደሪያ ያተርፋል፣ ስንት ገንዘብ ይፈጃል ይባላል። አንባቢው ግን በክርክሩ መካከል እምብዛም አይታይም፤ ቢታይም «ተጠቃሚ» በምትል አንዲት ቃል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ መምህር እንጂ የመዛግብት ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳዩን የምመዝነው ከአንባቢው ወንበር ላይ ሆኜ ነው፤ ወንበሩም ያለው ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል።

ነገሩን ከሞያሌ ሆኖ ማየት አንድ ጥቅም አለው። ከተማይቱ በድንበር ለሁለት ተከፍላ፣ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተቀመጠች ናት። ስለ እርስዋ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን እርስዋ ዘንድ የለም። የኢትዮጵያና የያኔው የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ የድንበር ውል በዲሴምበር 1907 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1908 እና በ1909 ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሥመሩን በምድር ላይ እየተከተለ ለካ። ከዚያ ወዲህ ሞያሌ ላይ የተቀመጡት የእንግሊዝ ሹማምንት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ውሃ ጕድጓዱ፣ ስለ ግጦሹ፣ ከድንበር ማዶ ስለሚመጣው ሰውና ከብት በየዓመቱ ሪፖርት ሲጽፉ ኖሩ። ሹሙ ሲዛወር ለተተኪው ትቶለት የሚሄደው የርክክብ ሪፖርት አለ። በጣቢያው ተቀምጦ ከሹም ወደ ሹም የሚተላለፍ «የፖለቲካ መዝገብ» የሚባል ደብተርም ነበር። ሜጋ ላይ የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል በበኩሉ ለራሱ አለቆች ይጽፍ ነበር፤ ከቆንሲሎቹ አንዱ የነበረው አርኖልድ ሆድሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው ሰባት ዓመታት በ1927 መጽሐፍ አሳትሟል። በኢትዮጵያ በኩል የነበረው ሹም የሚጽፈው ደብዳቤ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እንግዲህ የሞያሌ ልጅ ስለ አያቱ ጕድጓድ የተጻፈውን ማንበብ ቢያምረው መንገዱ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አለዚያም ወደ ለንደን ነው።

ናይሮቢ ያለውን እንውሰድ። የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በሕግ የተቋቋመው በ1965፣ ነጻነት በተገኘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የመዝገብ አያያዝ የሚያኮራ አልነበረም፤ በ1939 የቅኝ አገዛዙ ዋና ጽሕፈት ቤት ናይሮቢ ላይ ሲቃጠል ብዙ ፋይል አመድ ሆኗል። አውራጃዎቹ ግን የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው ስለነበር ከዚያ የተረፈው ትንሽ አልነበረም። በ1960ዎቹ ውስጥ የክፍላተ ሀገሩና የአውራጃዎቹ ዓመታዊ ሪፖርቶች፣ የርክክብ ሪፖርቶችና የፖለቲካ መዝገቦች በማይክሮፊልም ተቀዱ፤ የሰሜን ድንበር አውራጃ የሚባለው የእኛ አካባቢም ከእነርሱ ጋር ተቀዳ። ከቅጂው አንዱ አሜሪካ አገር ሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ግሬጎሪ፣ ማክሰንና ስፔንሰር የተባሉ ሦስት ምሁራን ለፊልሙ መምሪያ አዘጋጁለት፤ መምሪያው እስከ ዛሬ ለተመራማሪዎች ጠቃሚ ነው።

የሆነውን ልብ እንበል። በ1970ዎቹ ውስጥ በረዶ በሚጥልበት በሲራክዩዝ የተቀመጠ ተማሪ ከመኝታ ቤቱ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በእግሩ ተጕዞ የሞያሌን ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ይችል ነበር። የሞያሌው ተማሪ ግን በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ በማርሳቢት በረሃ አቧራ ሲበላ ሁለትና ሦስት ቀን ሰንብቶ ናይሮቢ መግባት ነበረበት። (የአስፋልቱ መንገድ ያለቀው ገና በ2010ዎቹ ነው።) ይህን ጠቅሰው ማይክሮፊልምን የሚወቅሱ አሉ። እኔ አልስማማም። ፊልም በኪስ የሚገባ ቀላል ዕቃ ነው። አትላንቲክን ለመሻገር የቻለ ጥቅል ኢሲዮሎን አልፎ ወደ ሰሜን ለመምጣት የሚያግደው ነገር አልነበረም። ያልመጣው ሞያሌ ላይ አንባቢ አለ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው። ቅጂው የተቀዳለት ሰው ሌላ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ በአንድ ገጠመኝ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የታሪክ ሠልጣኝ የማስተማሪያ ጽሑፍ ስታዘጋጅ በስልኳ የያዘችውን አንድ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የሪፖርት ገጽ ነው። ከሰው ወደ ሰው በስልክ ሲተላለፍ ከርሞ እርስዋ ዘንድ ደርሷል። ገጹ አንድ የውሃ ጕድጓድ የአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ይናገራል። የፋይል ቍጥር የለውም፤ ዓመት የለውም፤ ራስጌውና የገጹ ቍጥር ተቈርጧል።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አልኳት።

«እንግሊዞቹ ናቸው ጋሼ።»

«ለማን ነው የጻፉት?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለች።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ገጹን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። ከፊሎቹ ማስረጃ ነው አሉ፤ ከፊሎቹ የተፈበረከ ነው አሉ። ከሩቅ ለሚሰማው ይህ የክፍል ውስጥ እሰጥ አገባ ይመስለው ይሆናል። በ2013 መጨረሻ ሞያሌ ውስጥ የደረሰውን ግጭት ያየ ሰው ግን እንደዚህ ያለ ወረቀት በክፉ ቀን ምን እንደሚሠራ አይጠፋውም። በዚያን ጊዜ ስንቱ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ድንበር ተሻግሯል።

በዕረፍቱ ወራት ናይሮቢ ስሄድ ገጹን ፈለግሁት። ፋይሉን የሚጠቁም ነገር ስላልነበረኝ ያለኝ አማራጭ ሪፖርቶቹን ከዓመት ወደ ዓመት በፊልሙ ላይ እየተከተልሁ ማየት ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ገጹ የሹሙ ፍርድ አልነበረም፤ አንድ ወገን ያቀረበው አቤቱታ በአጭሩ የተገለበጠበት ነው። ይህንንም የሚናገረው ከእርሱ በፊት ያለው ገጽ ነው። ሹሙ የራሱን ሐሳብ የጻፈው ከሁለት ገጽ በኋላ ሲሆን፣ እርሱም ነገሩ አለመቋጨቱን ከመግለጽ አላለፈም። በስልክ የዞረው ገጽ ሐሰተኛ አልነበረም፤ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን የሄደ ነበር።

እዚህ ላይ ለማይክሮፊልም ጠበቃ ሆኜ አንድ ቃል ልናገር። የፊልም ጥቅል ገጽን ከገጽ አይለይም። በመጀመሪያው ላይ የፋይሉ ስምና ቍጥር በካርድ ተጽፎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉም በተቀዳበት ተራ ይከተላል። አንዱን ገጽ መዞ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ሳይወድ በግድ በፊቱና በኋላው ያለውን ያያል። አሠራሩ ያደክማል፤ ድካሙ ግን ለተመራማሪ መልካም ጠባይ ያስተምራል። የዲጂታሉ ፎቶግራፍ ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ዕቃ ስለሆነ እንደ ተፈታ መቍጠሪያ ወዲያና ወዲህ ይበተናል። ስለ ዲጂታል ቅጂ ፍጥነትና ምቾት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጕዳት ሲያነሡ አላየሁም፤ በእኔ ግምት ግን ለትምህርት ቤት አንባቢ ከጕዳቶቹ ሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው።

ይህን ስል ፊልሙ ለዐይን የሚስማማ ነው ማለቴ አይደለም። ጥቅሉ በፍጥነት ሲዞር መስተዋቱ ላይ የሚሮጠው ጽሑፍ ራስ ያዞራል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዐይን ያነባል። ብዙው ፊልም ነጋቲቭ ስለሆነ ፊደሉ ነጭ፣ ገጹ ጥቁር ነው። የአውራጃ ሹማምንቱ ከሪፖርቱ አንዱን ቅጂ ለራሳቸው የሚያስቀሩት በካርቦን ወረቀት ነበረና በስስ ወረቀት ላይ የደበዘዘው የካርቦን ፊደል ፊልሙ ላይ ሲደርስ ጭራሹን ጭጋግ ይሆናል። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የአለቃ አስተያየት ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ታሪክ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። የካርታው ነገር ከዚህም ይብሳል። አንድ ሹም በእጁ በነደፈው ካርታ ድንበሩን በቀይ፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ የከብቱን መንገድ በአረንጓዴ ቢያሰምር፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። እንደኛ ባለ ከተማ ወንዝን ከድንበር መለየት አለመቻል ቀላል ስሕተት አይደለም።

ማንበቢያ መሣሪያውም ሌላ ጣጣ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ከሁለት መሣሪያዎች የአንዱ አምፖል ተቃጥሎ፣ የሌላው መዘውር ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥቅሉን በእጄ ይዤ ብርሃን ላይ እያየሁ የተመለስሁበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ሰው ደግ ነበሩ፤ «አምፖሉ አሁን አይሠራም ልጄ፣ ፋብሪካው ተዘግቷል» አሉኝ። ፊልሙ ጤነኛ፣ መሣሪያው ሟች መሆኑ ነው።

ስለ ዕድሜ የሚነገረው ግን ባብዛኛው እውነት ነው። በፖሊስተር ላይ የተሠራ የብር ጨው ፊልም ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ ከተያዘ 500 ዓመት እንደሚቆይ ይገመታል። የድሮው የአሲቴት ፊልም እንኳ ከተበላሸ አስቀድሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ያስጠነቅቃል። ደግሞም ፊልም ለማንበብ ከብርሃንና ከማጉያ መነጽር በቀር የግድ የሚል ነገር የለም። በ1870 ፓሪስ በጀርመኖች ተከባ ሳለች ዳግሮን የተባለ ፈረንሳዊ ደብዳቤዎችን በጥቃቅን ፊልም እያሳነሰ በርግብ እንዳስላከ ይታወቃል፤ የርግቧ ፊልም ዛሬም በማጉያ ይነበባል። በአንጻሩ እንግሊዞች በ1986 ስለ አገራቸው ያጠናቀሩትን ትልቅ መዝገብ በሌዘር ዲስክ ላይ ቢያኖሩት አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሳይሞላው የሚያነበው መሣሪያ ጠፍቶ ባለሙያዎች መከራ አዩ። መታሰቢያ የተደረገለት በ1086 በብራና የተጻፈው የንጉሥ ዊልያም መዝገብ ግን ዛሬም ገጹ ተገልጦ ይነበባል።

ብራና ካነሣን ዘንድ ከመኪና ጽሕፈቱ ወረቀት ወጥተን ወደ አገራችን የብራና መጻሕፍት እንሻገር፤ ምክንያቱም የአማርኛ አንባቢ ማይክሮፊልምን ሲያመሰግንም ሲነቅፍም በመጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ሥራ የተሠራው እዚያ ነው። በ1973፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሥራ ተጀመረ። የአሜሪካኖቹ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተባባሪዎቹ ነበሩ። መጻሕፍቱ ከየገዳሙና ከየአድባራቱ እየወጡ ተቀድተው ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ፊልሙም አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደረገ። ሥራው እስኪያበቃ ድረስ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተቀድተዋል። አብዮቱ፣ ጦርነቱና ዘረፋው ከዚያ በኋላ እንደመጡ ስናስብ ሥራው በምን ዓይነት ሰዓት እንደተደረሰበት ይገባናል። ከተቀዱት መካከል ዋናቸው ዛሬ የት እንደገባ የማይታወቅ፣ በፊልም ብቻ የሚገኙ መጻሕፍት አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሳይነገር አይታለፍም። በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ተሳናቸው። በተከታዩ ዓመት ሚኒሶታ ገብተው እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም አነበቡ። ዊልያም ማኮምበር የጀመረው ካታሎግ በእርሳቸው ብርታት ቀጥሎ ከ1975 እስከ 1993 ድረስ 10 ጥራዝ ወጣው። የደብረ ሐይቅን ወይም የጣናን ደሴቶች ደጅ ሊረግጡ ያልቻሉ ሊቅ ከማንም ሊቅ ይበልጥ ብዙ የግእዝ መጻሕፍት መረመሩ። በ2021 ያረፉትም እዚያው አሜሪካ ነው። ማይክሮፊልም ለተመራማሪ አይመችም የሚል ሰው በመጀመሪያ ይህን ማስተባበል አለበት።

ነገር ግን ይኸው ታላቅ ሥራ ሁለት ጕድለቶችን ያሳየናል። አንደኛው ከፊልሙ አይደለም፤ ከካታሎጉ ነው። አሥሩ ጥራዞች የገለጹት የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ነው። የቀሩት 4,000 ያህሉ ፊልም ሆነው ሳለ ለብዙ ዓመታት በውስጣቸው ያለውን የሚናገርላቸው የታተመ ካታሎግ አልነበራቸውም። ተቀድቶ ያልተገለጸ መጽሐፍ ለአንባቢው ካልተቀዳ መጽሐፍ የሚሻለው በጥቂቱ ነው፤ እንዳይጠፋ ተጠብቋል፣ እንዲገኝ ግን አልተደረገም። በበኩሌ ቅጂውን በፊልምም ይሁን በዲጂታል ለመሥራት ከሚወጣው ገንዘብ ሩቡ እንኳ ለመግለጫው ቢውል ከየትኛውም አዲስ መሣሪያ ይልቅ አንባቢን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የቀለም ነገር ነው። የግእዝ ጸሐፊ ቀይ ቀለም የሚያነሣው ለጌጥ ብቻ አይደለም። የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳኑን ስም፣ የምዕራፉን መጀመሪያ በቀይ ይጽፋል። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም በቀይ የገባበት ቦታ አለ፤ በኋላ ባለቤቱ ሲለወጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ ይገባል። በፊልም ላይ ቀዩ የደበዘዘ ግራጫ ነው፤ ፍቀቱን ከእድፍ መለየትም ያስቸግራል። በኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቍጥር 1832 የተመዘገበው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነው። ያንን ሥዕል በጥቁርና ነጭ ያየ ተማሪ ሥዕሉ መኖሩን ዐወቀ እንጂ ሥዕሉን አላየም። ስለ ድጉሱ፣ ስለ ብራናው ውፍረት፣ መጽሐፉ በእጅ የሚያዝ ወይም በአትሮንስ የሚቀመጥ ስለመሆኑ ፊልሙ ዝም ይላል።

ዛሬ የኮሌጅቪሉ ፊልም ወደ ዲጂታል ተለውጦ፣ ማንም ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነጻ እንዲያየው ተደርጓል። ይህ ለሞያሌ አንባቢ ታላቅ ዜና ነው፤ መብራትና መረብ ባለበት ቀን የሐይቁ ወንጌል በስልኬ ይከፈታል። ነገር ግን ተማሪዎቼ «ዲጂታል ነው» ሲሉ አዲስና ፍጹም ነገር ማለታቸው ነው። ከ1970ዎቹ ፊልም የተገለበጠ ዲጂታል የፊልሙን ግራጫ እንደያዘ ይኖራል። በአንጻሩ የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን ለማዳን በ2004 በጀመረው ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተነሡት የብራና ፎቶግራፎች ከመጽሐፉ ራሱ በቀለም የተነሡ ናቸው፤ ዋናው ከቦታው ሳይወጣ፣ ቅጂውም በአገሩ እንዲቀር በደንብ የተያዘ ሥራ ነው። ሁለቱም ዲጂታል ይባላሉ፤ የሚሰጡት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «ማይክሮፊልም ወይስ ዲጂታል» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ቅጂ ከምን ተቀዳ? ሲቀዳስ ምን ቀረ?» የሚለው ነው።

በውጭ አገር ክርክሩ ወደ ሌላ ጎራ ሄዷል። አሜሪካዊው ደራሲ ኒኮልሰን ቤከር በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ጥራዞችን በማይክሮፊልም ከቀዱ በኋላ ዋናውን መጣላቸውን አጥብቆ ነቀፈ። አንዳንዶች ማጋነኑን ይናገራሉ፤ በዋናው ነጥብ ግን ልክ ነው። ቅጂ ዋናውን እንዲያሳርፍ እንጂ እንዲያስጥል አልተሠራም። በ2017 ደግሞ ለዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ጥቅል ፊልም ሲያከራይ የኖረው ፋሚሊ ሰርች የተባለው ድርጅት ማከራየቱን አቁሞ ሁሉን ወደ ዲጂታል አዞረ። ፊልም እንደ መገልገያ ዘመኑ ማለፉን መቀበል ይገባል።

ዋናውን መጣል አንድ ክፋት ከሆነ፣ ዋናውን ሳይቀዱ መውሰድ ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዞች ኬንያን ሲለቁ የመረጧቸውን ፋይሎች ወደ ለንደን ላኩ። ኬንያ ከ1967 ጀምሮ ብትጠይቅም አልተመለሱም። በ2011፣ በማው ማው ጊዜ የተሠቃዩ አረጋውያን ለንደን ላይ ክስ መሥርተው ሳለ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከ37 የቀድሞ ግዛቶች የተወሰዱ 8,800 ያህል ፋይሎችን በሐንስሎፕ ፓርክ ይዞ መቆየቱን አመነ፤ ከእነዚህ 1,500 ያህሉ የኬንያ ነበሩ። ኋላም ፋይሎቹ ለሕዝብ ወደሚነበቡበት ወደ ኪው ቤተ መዛግብት ተዛወሩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለ ፊልምና ስለ ወረቀት የተደረገው ክርክር ለእነዚህ ፋይሎች ምን ፋይዳ ነበረው? አረጋውያኑ ነገሩ በሰውነታቸው ላይ የተጻፈ ቢሆንም ወረቀቱ ባለመገኘቱ ለሃምሳ ዓመት የሚያምናቸው አጡ። አንድ ጥቅል ናይሮቢ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግራጫነቱን ማንም አይጠላበትም ነበር።

እንግዲህ ከትምህርት ቤት አንጻር የሚሻለው ቅርጽ የትኛው ነው ቢሉኝ፣ የዘመኑ ሰው የሚሥቅበት መልስ አለኝ፤ ተራ ተይዞለት የተጠረዘ ፎቶ ኮፒ። መብራት አይጠይቅም፤ አምፖል አይቃጠልበትም፤ ሠላሳ ተማሪ እየተቀባበለ ያነበዋል፤ ገጹም ከጎረቤቱ አይለይም። ፊልሙ በቀዝቃዛ ክፍል ለልጅ ልጅ ይቀመጥ፤ ዲጂታሉ ለፍለጋና ለቀለም ይሁን፤ ክርክር የተነሣበትን ነጥብ ለማረጋገጥ አንድ ሰው ወደ ዋናው ይሂድ። መምህራን ጓደኞቼ ደግሞ ከተማሪዎቻችን አንድ ነገር ብንጠይቅ አልከፋም፤ የጠቀሱትን ጽሑፍ ከፋይሉ፣ ከፊልሙ ወይስ ከስልክ ላይ እንዳዩት፣ ስንተኛው ገጽ እንደሆነ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውንም አንብበው እንደሆነ በጽሑፋቸው ግርጌ ይጻፉልን። የፈተና ነጥብ የሚሰጥበት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ያቺ ሠልጣኝ በሚቀጥለው ዓመት ራስዋ ናይሮቢ ሄዳ ገጹ ያለበትን ሪፖርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰገልብጣ መጣች። አርባ ገጽ አይሞላም። በገበያ ካለ የፎቶ ኮፒ ቤት በካርቶን አስጠረዘችውና በተቋማችን መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ስለ ጕድጓዱ የሚከራከሩት ልጆች አሁንም ይከራከራሉ፤ አሁን ግን ጥራዙን ይዘው ነው፣ «ቀጥሎ ያለውን አንብብ» እየተባባሉ። በመጨረሻ የተያያዘው ካርታ እንደ ፊልሙ ሁሉ ጥቁር መሥመር ብቻ ነው። በግርጌው ላይ በእርሳስ «ቀለሙ ከዋናው ላይ ይታይ» ብላ ጽፋበታለች፤ ከሥሩም የፋይሉን ቍጥር አስፍራለች።